ዳግማዊ ምኒልክና ሁለቱ አውቶሞቢሎች

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ከወደቁ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ጫኑ። ከአድዋ ድል ወዲህ ስልክንና ባቡርን ሲያስገቡ፣ ለአዲስ መሣሪያ ያላቸው ፍቅር በአውሮፓ ነጋዴዎች ዘንድ ሳይቀር ታወቀ።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ (በስሙ የሚጠራውን ፋብሪካ የመሠረተው ሰው አይደለም) ሲድሌይ የተባለውን መኪና፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ በሳክሶኒ የተሠራውን ናኬ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተሽቀዳደሙ። የምድር ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በረሃና ዳገት የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው። ቤንትሌይ ቀደመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመኪናው ተቀምጠው ሄዱ።

ስለ ቅድሚያው ብዙ ተወርቷል። ለባለሙያ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው፣ ሁለቱም መኪናዎች ለአውሮፓ ጥርጊያ ጎዳና የተሠሩ መሆናቸው ነው። የአሜሪካው ፎርድ በ1901 ዓ.ም. መባቻ ያወጣው ሞዴል ቲ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የገጠርን ጭቃ እንዲችል የታሰበ ነበር፤ ተፎካካሪዎቹንም በገበያ የበለጠው ባንድ በኩል በዚህ ነው።

ምኒልክ ችግሩን ከመንገዱ በኩል ጀምረውት ነበር። መኪናዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የአዲስ ዓለምን መንገድ አሠርተዋል፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያመጣውን፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለውን መዳመጫም አስገብተዋል። ብዙ ሳይቆዩ ሕመም ጸናባቸውና በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።