ፊደል የቀረጹት ሼህ በክሪ ሳጳሎ

በንጉሡ ዘመን የችሎቱም የትምህርት ቤቱም ቋንቋ አማርኛ ስለ ነበር፣ ከጨርጨር ገጠር ወደ ከተማ የሚወርድ ባላገር ጉዳዩ ከመሰማቱ በፊት በአነጋገሩ ይሣቅበት ነበር። ሴትዮዋን አንተ ብሎ ሲጠራት ሰዉ ይንከተከታል፤ ኮልታፋ ይለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ በኦሮምኛ ወንዱንም ሴቷንም የምንጠራው አቲ ብለን ነው። ሰውዬው የእናቱን ቋንቋ ሕግ ይዞ መጣ እንጂ ዕውቀት አልጎደለውም።

የዚህን ቋንቋ ክብር በሥራ ካሳዩት አንዱ ሼህ በክሪ ሳጳሎ ናቸው። ስማቸው አቡበከር ገራድ ኡስማን ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። ሳጳሎ የትውልድ ቀያቸው ወንዝ ስም ነው። ወደኛው ጨርጨር መጥተው ሃይማኖት ተማሩ፤ ከዚያም ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳለፉ። በዓረብኛና በኦሮምኛ ግጥም ይገጥሙ ነበር፤ የኦሮምኛው ግጥማቸው በቃል ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር።

ሼሁ የዓረብኛውም የግዕዙም ፊደል ለኦሮምኛ እንደማይበቃ አስተዋሉ። ለምሳሌ ቦና ሲያጥር በጋ ማለት ነው፤ ድምፁ ሲረዝም ግን ኩራትን ያመለክታል። በግዕዝ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. ግድም ለኦሮምኛ ብቻ የሚሆን አዲስ ፊደል ቀረጹ። ተማሪዎቻቸው ቶሎ ለመዱት፤ ደብዳቤም ይጻጻፉበት ጀመር። መንግሥት ይህን ሲሰማ ፊደሉን ከለከለ፤ እሳቸውንም ድሬዳዋ በቁም እስር አዋላቸው።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። በ1972 ዓ.ም. እዚያው በስደተኞች ካምፕ አረፉ። ኦሮምኛ ዛሬ በምንጽፍበት በላቲኑ ቁቤ እንዲጻፍ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ሼሁ ይህን ሳያዩ አለፉ። ፊደላቸው ባይቀጥልም፣ የባላገሩ ቋንቋ ሊጻፍና ሊጠና የሚገባው መሆኑን አሳይተዋል።

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ ክፍል ስንገባ እንግሊዝኛ ሲያነብ ምላሱ የሚተሳሰር የገጠር ልጅ እናገኛለን። ኦሮምኛ የሚሰባብር የከተማ ልጅም አይጠፋም። አንድ ቀን የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ እጁን ላያወጣ ይችላል። ስሕተቱን ማረም ሥራችን ነው፤ ሣቁን ማስቆም ደግሞ ከዚያ ይቀድማል።