ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን፤ ነፋስን በቁጥር ሊይዝ የተነሣ ሰው

ዛሬ መሐንዲሶች በአውሮፕላን ክንፍ ወይም በጋለ ቧንቧ ዙሪያ እየተናወጠ የሚያልፈውን አየርና ይዞት የሚሄደውን ሙቀት በኮምፒዩተር ያሰላሉ። ኮምፒዩተር ሳይኖር ለዚህ ሥራ መንገድ ከጠረጉት ሊቃውንት አንዱን ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ ወደድን።

ሪቻርድሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ ጦርነትን የሚቃወመው የክዌከር ማኅበር አባሎች ነበሩ። ትምህርቱን በካምብሪጅ በ1903 ከፈጸመ በኋላ፣ በ1910 የድንጋይ ግድብ የሚሸከመውን ጫና የሚያሰላበት ዘዴ አቀረበ። ዘዴውም ነገሩን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ አስቸጋሪውን ሂሳብ ወደ ተራ መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል መመለስ ነው።

ቀጥሎም ዘዴውን በሰማይ ላይ ሊሞክረው አሰበ። በ1916 የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱን ትቶ በፈረንሳይ ጦር ግንባር የአምቡላንስ ነጂ ሆነ፤ ቁስለኛ ከማመላለስ በተረፈው ጊዜ በአንድ የ1910 ቀን ላይ በሙኒክ አካባቢ የአየር ግፊት በ6 ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደሚለወጥ በእጁ አሰላ። ጽሑፉ በ1917 ጠፍቶ ከወራት በኋላ በቤልጅግ ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ። ስሌቱ ግፊቱ በ145 ሚሊባር ይጨምራል አለ፤ በእውነቱ ግን ምንም ያህል አልተለወጠም ነበር። ሪቻርድሰን ውድቀቱን ሳይደብቅ በ1922 በመጽሐፍ አሳተመው። ስሕተቱ የመጣው ከዘዴው ሳይሆን፣ መነሻ የሆኑት የንፋስና የግፊት ልኮች እርስ በርሳቸው ባለመጣጣማቸው መሆኑን በኋላ የመጡ ሊቃውንት አሳይተዋል።

ሌላም ችግር አስተውሏል። ከአራት ማዕዘኖቹ የሚያንሱት አዙሪቶች በስሌቱ አይያዙም፤ ሙቀትንና እርጥበትን የሚያደባልቁት ግን እነሱም ናቸው። ስለዚህ ሥራቸው በአማካይ እንዲገባ አደረገ፤ ይህ ችግር የዛሬውንም መሐንዲስ አልለቀቀውም። ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ ሙቅ አየር ከላይ ሲሆን አዙሪቱ ይከስም ወይስ ይቀጥል እንደሆነ የሚለካው ቁጥርም በስሙ ይጠራል።

በ1920 የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ለጦር አየር ኃይል በሚያዘው ሚኒስቴር ሥር ሲገባ ሪቻርድሰን ሥራውን ለቀቀ። ስለ አየር መናወጥ ያጠናውን አጥብቀው የሚፈልጉት የመርዝ ጋዝ ባለሙያዎች መሆናቸውን ባየ ጊዜ ደግሞ፣ ያልታተመውን ጽሑፉን አጠፋው። በኋለኛው ዘመኑ ጦርነት የሚነሣበትን ምክንያት በሂሳብ ወደ መመርመር ዞረ።

በ1950 አሜሪካውያን የመጀመሪያውን የአየር ጠባይ ትንበያ በኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር አወጡ። ሪቻርድሰን ይህን ሰምቶ ተደስቶ በ1953 በስኮትላንድ ዐረፈ።

ዕውቀትን ለማግኘት የሚደክም ብዙ ነው፤ ያገኘው ዕውቀት ለማን እንደሚውል ጠይቆ፣ መልሱ ሲከፋ የድካሙን ፍሬ በገዛ እጁ የሚያጠፋ ግን ጥቂት ነው። እኛም ተማሪዎች ዲፕሎማችንን ይዘን ከመውጣታችን በፊት ይህን ጥያቄ ራሳችንን እንድንጠይቅ ይገባናል።