ፕሮፔለርን ባለ ማርሽ ያደረገው ዋላስ ተርንቡል

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ሰው በአገሩ በካናዳና በአውሮፕላን ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ዋላስ ሩፐርት ተርንቡል ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1870 በሴንት ጆን ከተማ ተወለደ። አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1893 በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ። ጀርመን አገር ፊዚክስ አጠና፤ ከዚያም በኤዲሰን የአምፑል ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያው ቢቀር ማን ይጠላ ነበር? እሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ ሮትሴይ በምትባል ትንሽ ከተማ የግል ላቦራቶሪ አቋቋመ። በ1902 በዚያ የሠራው የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ በካናዳ የመጀመሪያው ነው። ልብ እንበል፣ የራይት ወንድማማቾች በሞተር የበረሩት ገና በ1903 ነው! ፕሮፔለሮቹን ደግሞ በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ እየገጠመ ይፈትን ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ያደከመው ምንድነው? የፕሮፔለር ብሌዶች፣ ማለትም አየሩን የሚቀዝፉት ክንፍ መሰል ዝርጎች፣ ዘመም ብለው ነው የሚገጠሙት። የዘመሙበት ልክ ፒች ይባላል። በዚያ ዘመን ፒች አንዴ ከተሠራ በበረራ ላይ አይለወጥም። ለመነሣት የሚመቸው ትንሹ ፒች (ፋይን የሚሉት) ለፈጣን ጉዞ አይረባም። ለጉዞ የሚመቸው ትልቁ ፒች (ኮርስ የሚሉት) ደግሞ ሲነሡ ሞተሩን ያፍነዋል። ባለ አንድ ማርሽ መኪና ይዞ ዓባይ በረሃን ወርዶ እንደ መውጣት ነው።

ተርንቡል ብሌዶቹ እምብርታቸው ላይ እንዲዞሩ አደረገ፤ የሚያዞራቸውም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በጁን 1927 ካምፕ ቦርደን በተባለው የካናዳ አየር ኃይል ጣቢያ፣ በአቭሮ 504 አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ በበረራ ተፈተነ፤ ሠራም። እርግጥ በዚህ መንገድ ብቻውን አልነበረም። በእንግሊዝ ኺሊ-ሾው፣ በአሜሪካ ኮልድዌል በዘይት ግፊት የሚሠራውን ይዘው ይጣጣሩ ነበር። ተርንቡል የኤሌክትሪኩን መብት ለአሜሪካው ከርቲስ-ራይትና ለእንግሊዙ ብሪስቶል ሸጠ።

አሁን ወደ ሪቨርስ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አውሮፕላኑ አርፎ ሪቨርስ ሲደረግ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚዞር ይመስለናል። አይዞርም! አዟዟሩ ያው ነው፤ ብሌዶቹ ግን ዜሮን አልፈው በተቃራኒው ይዘማሉ፤ አየሩንም ወደ ፊት ይገፉታል። ፍሬን በሚያንሸራትት እርጥብ ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በካርቶን ብሌድ ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል፦ በአንድ አቅጣጫ እያዞሩ የብሌዱን ዝመት መለወጥና ነፋሱ በየት እንደሚመጣ በእጅ መዳሰስ ነው። ፌዘር የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ብሌዱ በጠርዙ ወደ ነፋሱ ዞሮ እንዳይጎትት ማድረግ ነው። በአየር ላይ ሳለ ሪቨርስ ቢገባ ግን አውሮፕላኑን ሊጥል ስለሚችል መከላከያ ቁልፍ ይደረግለታል።

ከርቲስ የኤሌክትሪክ ፕሮፔለሮችን አስፋፋ፤ ሪቨርስ ያላቸውም ወጡ። በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ አቶም ቦምብ የጣሉት ቢ-29 አውሮፕላኖች የተገጠመላቸው እነዚህ ነበሩ። ይህን ዘልለን ብናልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብናል።

በኋላ የዘይቱ ዘዴ የኤሌክትሪኩን አሸነፈው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መሥመር የሚያበራቸው፣ ካናዳ የተሠሩት ኪው-400 አውሮፕላኖች ፒች የሚለውጡት በዘይት ግፊት ነው። ተርንቡል በ1954 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ያ የ1927ቱ ፕሮፔለር ኦታዋ በሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ተቀምጧል።