ኤድጋር ኮድና በጥያቄ ውስጥ ያለው ጥያቄ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዛሬ ባንክ ሒሳባችንን፣ ሬጅስትራርም ውጤታችንን በቅጽበት ፈልጎ የሚያገኝበት ዘዴ ከማን እንደ መነጨ ማወቅ ለተማሪ የሚገባ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ እንጂ የሒሳብ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን የዚህን ሰው ታሪክ ስመረምር ጉዳዩ ከቁጥር ይልቅ የአጠያየቅ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ኦገስት 19 ቀን 1923 በደቡብ እንግሊዝ፣ ፖርትላንድ በምትባለው ደሴት ተወለደ። እናቱ አስተማሪ ነበረች፤ እርሱም ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ አጠና፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ለእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላን ነዳ። በ1948 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ፤ በሚከተለው ዓመት በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተቀጠረ። በ1953 ግን ሴናተር ማካርቲ በየሰዉ ላይ ያስነሣው ክስና ጥርጣሬ ስላስቈጣው አሜሪካን ትቶ ወደ ካናዳ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰ። የዶክትርና ማዕርጉን ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያገኘው በ1965፣ ዕድሜው ከአርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ትምህርት ዘገየብኝ የሚል ጓደኛ ካለ ከዚህ ይጽናና።

በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር የተከማቸ መዝገብ እንደ ዛፍ ወይም እንደ መረብ የተያያዘ ነበር። አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ከግንዱ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ቅጠሉ የሚወስደውን መንገድ ራሱ አውቆ ለመኪናው በየደረጃው መንገር ነበረበት። አሠራሩ በተለወጠ ጊዜም የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ ይበላሻል። ኮድ ይህን ተቃወመ። በ1970 ባሳተመው ታላቅ ጽሑፍ፣ መዝገብ ሁሉ በተራ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ መንገዱን መፈለግ የመኪናው ፈንታ ይሁን ሲል አሳሰበ። ሁለት ልዩ ልዩ አነጋገሮች አንድ መልስ የሚሰጡ መሆናቸው በሒሳብ ሊረጋገጥ ስለሚችል፣ መኪናው ከሁለቱ የሚቀለውን መምረጥ ይችላል ማለት ነው።

አሳቡ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። የገዛ ኩባንያው በአሮጌው ዘዴ የተሠራ፣ ገንዘብ የሚያስገባ ሸቀጥ ነበረው። በ1974 ኮድ የአሮጌው ዘዴ ዋና ጠበቃ ከነበረው ከቻርልስ ባክማን ጋር በሚሺጋን በአደባባይ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ቻምበርሊንና ቦይስ የተባሉ የአይ.ቢ.ኤም. ሰዎች ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አወጡ። በዚህ ቋንቋ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ማስገባት ይቻላል፤ የኮድም ተስፋ የተፈተነው በዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። 5,000 ተማሪዎችና 20 ዲፓርትመንቶች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ አለ እንበል። ውጤታቸው ከየዲፓርትመንታቸው አማካይ የሚበልጡት እነማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ፣ የውስጡ ጥያቄ አማካዩን ይፈልጋል። መኪናው ቃል በቃል ከታዘዘ ለእያንዳንዱ ተማሪ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር እያገላበጠ አማካዩን እንደገና ያሰላል፤ 5,000 በ5,000 ሲባዛ 25 ሚሊዮን ንባብ ነው። ብልህ የሆነ ዐቃጅ ግን አስቀድሞ ሃያውን አማካይ በአንድ ዙር ያወጣል፤ በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን ተማሪ ከዲፓርትመንቱ አማካይ ጋር ያስተያያል። ይህ 10,000 ንባብ ብቻ ነው፤ መልሱም አንድ ነው።

ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦችዋ በ1979 መኪናው የየመንገዱን ዋጋ ገምቶ ርካሹን የሚመርጥበትን ዘዴ አስረዱ። በ1982 ደግሞ ዎን ኪም የውስጡን ጥያቄ ፈትቶ ከውጪው ጋር የሚያጣምርበትን ሥርዓት ጻፈ። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስሕተት ተገኘ። በመዝገብ የተጻፈው የተማሪ ቁጥር ከእውነተኞቹ ተመዝጋቢዎች ቁጥር ጋር የሚስማማው የትኛው ኮርስ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ማንም ያልተመዘገበበትና ዜሮ ተብሎ የተጻፈው ኮርስ በመልሱ ውስጥ መግባት ይገባው ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን ተመዝጋቢዎቹ በየኮርሳቸው ሲቈጠሩ ተመዝጋቢ የሌለው ኮርስ ከቈጠራው ውጭ ሆኖ ይጠፋል። መኪናው ፈጠነ፤ መልሱ ግን ተሳሳተ። በ1987 ጋንስኪና ዎንግ ተጓዳኝ ያላገኘውን ረድፍ ሳይጥሉ በማጣመር ስሕተቱን አረሙ።

ኮድ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ። አሳቡም ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ ኦራክል በ1979፣ የአይ.ቢ.ኤም. ዲቢ2 በ1983 ቀረቡ። እርሱ ግን በክብሩ ረክቶ አልተቀመጠም። በ1984 ከአይ.ቢ.ኤም. ወጣ፤ በ1985 በስም ብቻ የእርሱን ዘዴ እንከተላለን የሚሉትን ነጋዴዎች የሚለይበት 12 ሕግጋት አወጣ። ኤስኪውኤልንም ነቀፈው። አንዱን ጥያቄ በመክተትም በማጣመርም መጻፍ ከተቻለና አንዱ ከሌላው የሚፈጥን ከሆነ፣ መንገድ የመምረጡ ሸክም ተመልሶ በጠያቂው ጫንቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው። እርሱ የደከመው ግን ይህን ሸክም ለማውረድ ነበር።

ኤድጋር ኮድ ኤፕሪል 18 ቀን 2003 በፍሎሪዳ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ዐቃጆቹ ከዚያ ወዲህም እየተሻሻሉ ሄደዋል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ፈትተው የማያቀልሉት የውስጥ ጥያቄ አይጠፋም። ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛም በየትምህርታችን ወደ መልሱ በምንቸኩልበት ሰዓት፣ በመንገድ ላይ የጣልነው ዜሮ እንዳለ መለስ ብለን እንቍጠር።