ለወዳቂ ወረቀት ቁጥር የሰጠው ሰው፤ ጄፈርሰን በርዲክ (1900–1963)

በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፣ የዱረርና የሬምብራንት የኅትመት ሥራዎች በሚጠበቁበት ክፍል ውስጥ፣ ወደ 400 የሚጠጉ አልበሞች ተደርድረው ይገኛሉ። አልበሞቹ ሲገለጡ የሚታየው የታላላቅ ሠዓልያን ሥራ አይደለም፤ ከሲጋራ ፓኮ፣ ከከረሜላና ከማስቲካ መጠቅለያ የወጡ ትናንሽ ካርዶች፣ የሱቅ ማስታወቂያዎችና ፖስት ካርዶች ናቸው። ቁጥራቸው ከ300,000 ይበልጣል፤ ከእነዚህም ከ30,000 በላይ የሚሆኑት አሜሪካውያን አጥብቀው የሚወዱትን የቤዝቦል ጨዋታ ተጫዋቾች ምስል የያዙ ናቸው። ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ ለይቶና ቁጥር ሰጥቶ ለሕዝብ ያስረከበው ሰው ባለጸጋም የሥነ ጥበብ ሊቅም አልነበረም። በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ እጆቹ በቁርጥማት የተኮማተሩ ዕቃ ገጣጣሚ ነበር። ስሙም ጄፈርሰን በርዲክ ይባላል።

በርዲክ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሴንትራል ስኩዌር በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው። ካርድ መሰብሰብ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነበር። ዕድሜው ከፍ ሲል በሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በዚያችው ከተማ በሚገኘው ክራውዝ ሃይንድስ በተባለው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ በመገጣጠም ሥራ ተሰማራ። ትዳር አልያዘም፤ የሚኖረውም በኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ከደመወዙ የሚተርፈውንም ሆነ ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜውን ያዋለው በልጅነቱ በወደዳቸው ካርዶች ላይ ነበር።

የካርዶቹ ታሪክ ከኢንዱስትሪ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ሲጋራ ፋብሪካዎች በስስ ወረቀት ፓኮ ውስጥ ጠንከር ያለ ካርቶን ማስገባት ጀመሩ። ካርቶኑ ፓኮው እንዳይጨማደድና ሲጋራው እንዳይሰበር ይደግፍ ነበር፤ ሥዕል ሲታተምበት ደግሞ ገዢን የሚስብ ማስታወቂያ ሆነ። በ1890 ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተዋሕደው የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ ሲመሠረትና ገበያው በአንድ እጅ ሲገባ፣ ተወዳዳሪ ስላልነበረ የካርዱ ልማድ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ከ1909 እስከ 1911 ባለው ጊዜ ኩባንያው በልዩ ልዩ የሲጋራ ዓይነቶቹ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ምስል በብዛት አወጣ። በ1911 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲከፋፈል ወሰነ። በዚያን ዘመን ልጆች የጎደላቸውን ካርድ ለማግኘት ሲሉ አባቶቻቸው ሌላ ዓይነት ሲጋራ እንዲገዙ ይወተውቱ ነበር። ወርዱ ወደ 37፣ ቁመቱ ወደ 67 ሚሊሜትር የሚሆነው ይህ ካርድ በሊቶግራፍ ዘዴ በቀለም የታተመ ነበር፤ ሲጋራው ካለቀ በኋላ ግን ከፓኮው ጋር የሚጣለው ይበዛል።

በ1930ዎቹ ዓመታት በርዲክና መሰሎቹ ያጋጠማቸው ችግር ካርድ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ያገኙትን ካርድ የሚጠሩበት ስም ማጣትም ነበር። አብዛኞቹ ስብስቦች በወጡ ጊዜ መጠሪያ አልተሰጣቸውም፤ ስንት ካርዶች እንደታተሙም የተጻፈ ዝርዝር አልነበረም። በአንድ ከተማ ያለ ሰብሳቢ በሌላ ከተማ ላለው ጓደኛው የሚፈልገውን ካርድ ለማስረዳት መልኩን፣ ቀለሙንና በጀርባው ያለውን ማስታወቂያ በረጅም ደብዳቤ መግለጽ ነበረበት። የብሎኑ መጠን ወይም የኬብሉ ውፍረት በቁጥር ባይታወቅ ዕቃ ግምጃ ቤት ምን ሊመስል እንደሚችል የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ችግር በቀላሉ ይረዳዋል። በርዲክም በፋብሪካ ውስጥ ዕቃ በቁጥር ሲጠራ የሚውል ሰው ነበር።

ስለዚህ በ1937 ለካርድ ሰብሳቢዎች አንድ ትንሽ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ1939ም የመጀመሪያውን ካታሎግ አሳተመ። ይህ ካታሎግ እየታረመና እየሰፋ በ1946፣ በ1953ና በ1960 የአሜሪካ የካርድ ካታሎግ በሚል ስም ወጣ። ዘዴው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ስብስብ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፊደሉ ካርዱ ከምን ሸቀጥ ጋር እንደወጣ ያመለክታል። ኤን የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ፣ ቲ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ፣ ኢ የቀድሞው ዘመን የከረሜላና የማስቲካ ካርድ፣ አር የኋለኛው ዘመን የማስቲካ ካርድ፣ ዲ ደግሞ የዳቦ ቤት ካርድ ነው። ከ1909 እስከ 1911 የወጣው ከ500 በላይ ካርዶችን የያዘው ትልቁ የቤዝቦል ስብስብ በዚህ አሠራር ቲ 206 ተባለ። ዛሬም በመላው ዓለም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ዝርዝር ያለውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ያሳያል። በቲ 206 ውስጥ ሰብሳቢዎች ፈልገው የሚያጡት አንድ ካርድ ነበር፤ ይኸውም የሆነስ ዋግነር ነው። ዋግነር በ1874 በፔንሲልቫንያ ተወልዶ በልጅነቱ በድንጋይ ከሰል ማውጫ ከሠራ በኋላ፣ ከ1900 እስከ 1917 ለፒትስበርግ ቡድን የተጫወተ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣቢያ መካከል የሚቆም ዕውቅ ተከላካይ ነበር። በመቺነትም ስምንት ጊዜ ከማኅበሩ አንደኛ ወጥቷል። በ1936 ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ ነው። ምስሉ ከሲጋራ ጋር እንዲወጣ ስላልፈቀደ ካርዱ ጥቂት ከተሠራጨ በኋላ ኅትመቱ ቆመ። አንዳንዶች ልጆች ካርዱን ብለው ትምባሆ እንዳይገዙ ስለሰጋ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ተገቢው ክፍያ ስላልቀረበለት ነው ይላሉ። ዋግነር ራሱ ትምባሆ የሚወድ ሰው ስለነበረ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። የታወቁት ቅጂዎች ከስድሳ ብዙም አይበልጡም። የዚያው ስብስብ ተራ ካርዶች በሳንቲም ሲቆጠሩ፣ በርዲክ በካታሎጉ ለዋግነር ያወጣው ዋጋ 50 ዶላር ነበር፤ ይህም በዘመኑ ብዙዎችን የሚያስገርም ገንዘብ ነበር።

ካታሎጉ እየሰፋ በሄደበት ወቅት የአዘጋጁ ጤና እየጠበበ ሄደ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው የያዘው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጣቶቹን፣ ክንዱንና እግሩን ቀስ በቀስ አሰረው። ለገጣጣሚ ሠራተኛ ይህ ማለት እንጀራውን ማጣት ነው፤ ለሰብሳቢ ደግሞ ስብስቡን ሥርዓት ሳያስይዝ መቅረት ነው። ስብስቡ ከእርሱ በኋላ ተበታትኖ ቢሸጥ የዕድሜ ልክ ድካሙ ወደነበረበት ትርምስ እንደሚመለስ በርዲክ አልጠፋውም። ስለዚህ ገዢ አልፈለገም። በ1947 ስብስቡን ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ለመስጠት ከኅትመት ሥዕሎች ክፍል ኃላፊ ከሃያት ሜየር ጋር ተነጋገረ። ሜየርም ተራ የሚመስለው ወረቀት የአንድን ሕዝብ ኑሮ እንደሚያሳይ የተረዳ ሰው ስለነበረ ሐሳቡን ተቀበለ። ካርዶቹን መድቦ በአልበም ላይ የመለጠፉ ሥራ ግን የራሱ የበርዲክ ሆነ።

ይህ ሥራ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ወሰደ። በመጀመሪያ ከሲራኪዩዝ ሆኖ በየጊዜው እያዘጋጀ ያስረክብ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን በፋብሪካ መሥራት ሲሳነው ወደ ኒውዮርክ ከተማ ተዛወረ፤ በቤተ መዘክሩ ውስጥም አንዲት ጠረጴዛ ተሰጠችው። ጣቶቹ አልታጠፍ እያሉት ካርዱን አንሥቶ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ በቦታው አስተካክሎ መለጠፍ ለእርሱ ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ ሥራውን አላቋረጠም። በጥር 10 ቀን 1963 የመጨረሻውን ካርድ ለጥፎ ተነሣ፤ በማግሥቱ ሆስፒታል ገባ፤ በመጋቢት 13 ቀን በዚያው ዓመት ዐረፈ።

የበርዲክ ሥራ እንከን የለበትም ማለት አይቻልም። ካርዶቹን በሙጫ መለጠፉ በዛሬ የጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ የሚደገፍ አይደለም፤ ከአልበሙ ሳይጎዱ መላቀቅ የማይችሉም አሉ። በሌላ በኩል ግን ይኸው ሙጫ ስብስቡ እንዳይበታተን አድርጎታል። የቤተ መዘክሩ የዋግነር ካርድም በርዲክ ከሰጠው ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ነው።

ከእርሱ ሞት በኋላ ካርዶቹ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። በ2022 አንድ የዋግነር ካርድ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ ለብዙ ዓመታት ከሁሉም ንጹሕ ነው ሲባል የኖረውን ሌላ የዋግነር ካርድ ጠርዙን ቆርጦ እንዳስተካከለው አንድ ታዋቂ ሐራጅ ሻጭ በፍርድ ቤት አመነ። ዋጋው ሲንር የካርዱን ልክ እስከ ሚሊሜትር ክፍልፋይ ለማታለል የተነሣ እጅ ተገኘ ማለት ነው። የሠራተኛው እጅ ግን፣ እየታመመም ቢሆን፣ ካርዱን ያነሣው ቦታውን ሊሰጠው ብቻ ነበር።

ካርዶቹ በቤተ መዘክሩ አዳራሽ በየተራ እየተቀያየሩ ለተመልካች ይቀርባሉ። ከተመልካቾቹ የበርዲክን ስም የሚያውቁት ብዙ ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር አንድ ሰብሳቢ ሌላውን ቲ 206 አለህ ወይ ብሎ በጠየቀ ቁጥር የሚናገረው የሲራኪዩዙ ገጣጣሚ ባበጀው ቋንቋ ነው። ጥሩ ደረጃና ጥሩ ዝርዝር ያወጣ ሰው ዕጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ስሙ ይረሳል፣ ሥራው ግን በየቀኑ ይነገራል።