የዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ሕመም

እኛ በማንኪራ የቡና ጫካ አጠገብ ያደግን ልጆች የዐፄ ምኒልክን ስም በመጀመሪያ የሰማነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቶቻችን ነው። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ጦር በካፋ ላይ ዘመተ፤ ንጉሣችን ጋኪ ሸሮቾም ተይዘው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። ስለዚህ የምኒልክን ታሪክ ስንጽፍ ልባችን ይከፈላል። ነገር ግን የሕይወታቸው ፍጻሜ ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር የሚገናኝ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በመቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበሩ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በሸዋ ነገሡ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል አደረጉ። ይህን ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቀው አናስረዝመውም።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ዛሬ ስትሮክ የምንለው ከባድ ሕመም ጣላቸው፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ጣታችንን ገጀራ ሲቆርጠው ደሙ ጥቂት ፈስሶ ይቆማል። ይኸውም ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተጣብቀው ቀዳዳውን ስለሚደፍኑ፣ ፋይብሪኖጅን የተባለውም ፕሮቲን ወደ ክር ተለውጦ እንደ መረብ ስለሚይዛቸው ነው። እንዲህ ያለ የረጋ ደም በአንጎል የደም ሥር ውስጥ ከተገኘ ግን መንገዱን ይዘጋል፤ ደም ያጣው የአንጎል ክፍልም ይሞታል። ደግሞም ስትሮክ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ ይመጣል። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ከሁለቱ የትኛው እንደ ነበረ የሚለይ መሣሪያ በዚያን ዘመን በዓለም ሁሉ አልነበረም።

ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው ሄፓሪን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1916፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ዋርፋሪን ደግሞ (ነገሩ ያስገርማል) እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጣ፤ በ1954 ለሰው መድኃኒት እንዲሆን ተፈቀደ። ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚሠራቸውን ደም አርጊ ፕሮቲኖች ይቀንሳል። በጎመን ውስጥ ይህ ቫይታሚን ብዙ ስለ ሆነ፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መብላቱን በድንገት እንዳያበዛ ወይም እንዳይተው ይመከራል። በቤታችን ጎመን የማይጠፋ ለእኛ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። የደም ሥሩ ለፈነዳ ሰው ግን እነዚህ መድኃኒቶች ደሙን አብዝተው ሊገድሉት ይችላሉ። እንግዲህ በምኒልክ አልጋ አጠገብ መድኃኒቱ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሐኪሞቹ በጭፍን መስጠት ባልተገባቸው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ከ4 ዓመት በላይ ታመው ተኙ። መንግሥቱን በመጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ፣ ቀጥሎ ራስ ተሰማ፣ ከዚያም ልጅ ኢያሱ ያዙት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ጋኪ ሸሮቾ ያን ጊዜ ገና እስረኛ ነበሩ።