አንሪ ዳርሲ፦ የከርሰ ምድር ውኃን ፍሰት የለኩ መሐንዲስ

የከርሰ ምድር ውኃ ከዐይን የተሰወረ ሀብት ነው። ውኃው በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በሙከራ አረጋግጠው በቀመር ያስቀመጡት ፈረንሳዊው ሲቪል መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ ናቸው።

ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1803 በዲዦን ከተማ ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው አባታቸው ቢሞቱም ትምህርታቸው አልተቋረጠም። በፓሪስ በኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በድልድይና መንገዶች ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ የመንግሥት መሐንዲስ ሆነው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ የዲዦን ነዋሪ በአብዛኛው የሚጠጣው ከተበከሉ ጉድጓዶች ነበር። ዳርሲ የሮዝዋር ምንጭን መጠን ለክተው፣ 12.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የተሸፈነ ቦይ ውኃውን ያለ ፓምፕ ወደ ከተማዋ አደረሱ። ውኃው በ1840 ዲዦን ገባ፤ በ1844 ደግሞ 142 ቦኖዎች በየ100 ሜትሩ ለሕዝቡ አገልግሎት ይሰጡ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚገባቸውን ክፍያ አልተቀበሉም፤ ከተማዋም የወርቅ ሜዳልያ ሰጠቻቸው።

በኋላ በፓሪስ የውኃ አገልግሎትን መርተዋል። ጤናቸው ሲታወክ ወደ ዲዦን ተመልሰው በ1855 በከተማዋ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአሸዋ በተሞላ የብረት ቱቦ ውኃ እያሳለፉ መጠኑን ለኩ። የሚያልፈው ውኃ በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ልክ እንደሚጨምር፣ በአሸዋው ርዝመት ልክ ደግሞ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ውጤቱን በ1856 ስለ ዲዦን የሕዝብ ውኃ ባሳተሙት መጽሐፍ ተጨማሪ ክፍል አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 1858 ዐረፉ።

ዳርሲ በዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር ባይዙም፣ የከርሰ ምድር ውኃ ትምህርት ዛሬም በሕጋቸው ይጀመራል። ጉድጓድ ሲቆፈር የፓምፕ ሙከራ የሚደረገውም በዚሁ መሠረት ነው፤ ጉድጓዱ ሳይደርቅ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥና የጎረቤቱን ጉድጓድ እንደሚጎዳ ወይም እንደማይጎዳ የሚታወቀው በልኬት እንጂ በግምት አይደለም።